«መስክ» ብላ የሞላችው ዓለምሸት

የዘውድነሽን ልጅ ዓለምሸትን አሰበ ተፈሪ ውስጥ የማያውቃት ጥቂት ነው። የሚያውቋት ግን በመልኳም በባልትናዋም አልነበረም፤ በአባቷ ነው። አባቷ ነጋሽ ከአዲስ አበባ ሐረር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላት ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ያስቀምጣትና ሂርና ድረስ ይወስዳታል፤ ከዚያ ወደ ታች ለሚመለስ ወዳጁ አደራ ብሎ ይልካታል። ለእናቷ ይህ እብደት ነበር። ለልጅቱ ግን ዓለም ማለት ያ ነው፦ የአርባ ረከቴ ዳገት፣ መስተዋቱን የሚልሰው ጉም፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ የጫት ማሳ፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ የሚያንጎራጉር አባት።

*መንገዱ ቢረዝም አንገቴን አቀና፣*
*ዐይኔ የሚጠግበው ሩቅ ሲያይ ነውና።*

ዓለምሸት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነጋሽ በወባ ሞተ። መኪናውን ባለንብረቱ ለሌላ ሾፌር ሰጠው። ለዘውድነሽ አንዲት በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪናና አንዲት ሴት ልጅ ቀሩላት። ሁለቱንም ከዐይኗ ማራቅ ፈራች። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ከዘገየች እንኳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ተክላ ደጅ ትወጣና አስፋልቱን ታያለች። ዓለምሸት እንዲህ ባለ ዐይን ሥር አደገች፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም ጨረሰች።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ በከተማዋ አንድ የክትባት ማስተባበሪያ ተከፈተ። ሁለት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለ፤ አንዱ ቢሮ ተቀምጦ መዝገብ የሚይዝ፣ ሌላው ከክትባት ቡድኑ ጋር ቆላ እየወረደ ሕፃናትን የሚመዘግብ። ስልሳ ሰው አመለከተ። ከስልሳው ዓለምሸት ነጋሽና በክሪ ዓሊዩ የሚባል ቀጭን፣ ዝምተኛ ወጣት አለፉ። ከዚያ ቅጽ ተሰጣቸው። ቅጹ መጨረሻ ላይ «የሚመርጡት የሥራ ቦታ፦ ቢሮ ወይስ መስክ? ምክንያትዎን ይግለጹ» ይላል።

ዓለምሸት «መስክ» ላይ ምልክት አደረገች። ምክንያቱን ለመጻፍ ግን ብዙ ቆየች። የአበሉን ነገር ልታነሣ አሰበችና ተወችው፤ እሱን አልነበረም የፈለገችው። በመጨረሻ እስክሪብቶዋ ራሱ የጻፈው ይመስል «መንገድ ስለምወድ» የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ አገኘች። ከጎኗ የተቀመጠው በክሪ ደግሞ «ቢሮ» ላይ ምልክት አድርጎ «ምሳዬን ቤቴ መብላት ስለምፈልግ» ብሎ ጻፈ። አዲስ ሙሽራ ነበር፤ ረዲያን ካገባ ሦስት ወሩ።

ቅጹን የተቀበለው የማስተባበሪያው ኃላፊ አቶ አጥናፉ ነው። አቶ አጥናፉ ደግ ሰው ነበር። ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል፤ ደግ ሰው ሲበድል ግን ጠቡ ከየት ይጀመራል? ቅጾቹን አነበበ፤ ፈገግ አለ፤ ሁለቱን አስጠራቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ስትሞዪ ልብሽ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ» አላት።

«አይ፣ አልተሳሳትኩም ጋሼ።»

«ቆላ ነው እኮ። ሐሩር ነው፣ እሾህ ነው፣ መኪና ሲበላሽ ሜዳ ላይ ማደር ነው። እናትሽ መጥታ ብታለቅስብኝ ምን እላታለሁ?» አለና ወደ በክሪ ዞረ። «አንተስ? ወጥ ልትሠራ ነው ምሳህን ቤት የምትለው? መስክ አበል አለው፣ እድገት አለው። ወንድ ልጅ ወንበር ላይ ሲውል የሚሰፋው ቂጡ እንጂ ስሙ አይደለም።»

ጸሐፊዎቹ ሳቁ። በክሪም መሬት መሬት እያየ አብሮ ሳቀ። አቶ አጥናፉ ቀይ እርሳሱን አነሣ፤ የእሷን ምልክት ከመስክ ወደ ቢሮ፣ የእሱን ከቢሮ ወደ መስክ አዛወረው። ሲያዛውር ፊቱ ላይ የነበረው ለሁለት ልጆች የበዓል ልብስ የገዛ አባት ደስታ ነው። ማንም አልተከራከረውም። በሩ ላይ ሥራ ያጡ ሃምሳ ስምንት ሰዎች ቆመው ነበርና፣ ዳቦ የተሰጠው ሰው ጎኑን ልምረጥ አይልም።

ዘውድነሽ ያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ እልል አስባለች። ልጇ መንግሥት ቤት ገባች፤ ያውም ከደጃፏ መቶ እርምጃ የማይሞላ፣ ጥላ ያለበት፣ ወንበር ያለበት ቦታ። ሴት ለማጀት ወንድ ለችሎት ይሉ የነበሩ ጎረቤቶች እንኳ ይሄስ ማጀትም ችሎትም ነው እያሉ መረቋት።

እንግዲህ ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ላንድሮቨሩ በመስኮቷ ሥር ይቆማል፤ ክትባቱ የሚቀመጥበት የበረዶ ሣጥን ይጫናል፤ በክሪ ቅጾቹን ታቅፎ እንደ እስረኛ ይሳፈራል። መኪናው ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ሲታጠፍ አቧራው ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ይቆያል። ዓለምሸት አቧራው እስኪረጋ ታይና ወደ ታይፑ ትመለሳለች። ከቆላ የሚመጡትን ወረቀቶች ስታስገባ ታሸታቸዋለች፤ ጭስና የፍየል ወተት፣ ፀሐይ የበላው አፈር ይሸታሉ። የመንደሮቹን ስም በቃሏ ታውቃለች፤ አንዱንም አላየችም። አንዳንዴ ጣቶቿ በታይፑ ላይ እየሮጡ ከንፈሯ ሌላ ነገር ይላል፦

*አዝነው ለኔ ብለው ጥላ አስቀመጡኝ፣*
*ፀሐይን እንደ ሰው ስናፍቅ ሳያዩኝ።*

ሁለት ጊዜ መስክ እንዲያወጧት ማመልከቻ ጻፈች። ሁለት ጊዜም ከአቶ አጥናፉ «የሴት ሠራተኞችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል» የሚል መልስ መጣ። መልሱን ፋይል ውስጥ የምታስገባው ራሷ ነበረች። በክሪም አመልክቷል። እሱ ያመለከተው የመጀመሪያ ልጁ ከሞተ በኋላ ነው። ሕፃኑ የተወለደው በክሪ ቆላ ሳለ ነበር፤ አራት ቀን ኖረ፤ አባቱ ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። ለእሱም «ለመስክ ወንድ ሠራተኛ ስለሚፈለግ» የሚል መልስ መጣ። የእሱን መልስና የእሷን ሁለተኛ መልስ ታይፕ ያደረገችው በአንድ ቀን ነበር፤ በመካከላቸው ወረቀት ብቻ ቀየረች።

የባሰው ደግሞ የበክሪ ልፋት ፍሬ አለማፍራቱ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ ወዲህ የቆላ እናቶች እስክሪብቶ የያዘ ወንድ ካዩ ወንድ ልጆቻቸውን ቁጥቋጦ ውስጥ ይደብቃሉ። ቅጹ ደግሞ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን ይጠይቃል፤ ልክ እንደ መልማዮቹ ወረቀት። በክሪ ቋንቋቸውን እየተናገረ፣ በአላህ እየማለ ቢለምናቸውም «ልጅ የለንም» ነው መልሱ። መርፌው ተመልሶ ይመጣል፤ ኩፍኝ ግን እዚያው ይቀራል።

በሰባ ሰባት ጥር ላይ አቶ አጥናፉ ለሦስት ሳምንት የፖለቲካ ትምህርት ሐረር ተጠራ። ረዲያ ያን ጊዜ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። አቶ አጥናፉ በሄደ ማግሥት በክሪ የመዝገብ ቤቱን በር ገፍቶ ገባና ቆመ።

«እህቴ፣ ሰኞ ቡድኑ ቦርደዴ ይወርዳል።»

«አውቃለሁ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ አልወርድም። ቢያባርሩኝም አልወርድም። ያንን ልጅ ሳላየው ነው የቀበሩት። አንቺ ውረጂ። ወንበርሽን እኔ እጠብቃለሁ።»

የዓለምሸት ልብ ገና እሱ ሳይጨርስ ሚኤሶን አልፏል። ስለ ፊርማው ጠየቀችው። እሷ በእሱ ስም መስክ ላይ፣ እሱ በእሷ ስም የቢሮው መዝገብ ላይ እንዲፈርሙ ተስማሙ። ሾፌሩ ሽፈራው በልጅነቱ የነጋሽ ረዳት ነበር፤ ሲነግሩት ጥቂት አሰበና የነጋሽን ልጅ ጋቢና ማስገባት ወንጀል የሚሆንበት አገር ካለ ያሳዩኝ አለ። መርፌ ወጊው መስዑድ ደግሞ ለእሱ ልጅ ይገኝለት እንጂ መዝጋቢው ጅን ቢሆንም ግድ እንደሌለው ተናገረ። ለእናቷ ሐረር ሥልጠና አለ ብላ ዋሸች። ዘውድነሽ ሥልጠና የሚለውን ቃል ወደደችው።

ሰኞ ጠዋት ወረዱ። ዓለምሸት የዚያን ቁልቁለት ነገር እስከ ዛሬ ስታወራው ድምፅዋ ይቀየራል። ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ቀረ፤ ብርዱ እንደ ነጠላ ከትከሻዋ ወረደ፤ ከዚያ ሰማዩ ሰፋ፣ ሜዳው ተዘረጋ፣ ግራሩ ብቻውን ብቻውን ቆመ። ሽፈራው የጎኗን መስኮት ዝቅ አደረገላት። አለቀሰች ለማለት አይቻልም፤ ነፋሱ ነው ዐይኗን ያስነባው ለማለትም አይቻልም።

ከቦርደዴ ወጣ ብላ ያለች አንዲት መንደር ደረሱ። መሬቱ ላይ የሕፃናት እግር ኮቴ ሞልቷል፤ ልጅ ግን አንድም የለም። መስዑድ ይሄው ነው፣ ሁልጊዜም ይሄው ነው ብሎ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ዓለምሸት የመጻፊያ ሰሌዳዋን መኪና ውስጥ ትታ፣ ፍየል ወደምታልብ አንዲት ሴት ብቻዋን ሄደች። ሴትየዋ ዙህራ ትባላለች። ዓለምሸት አሰላሙ ዓለይኩም ብላ ከጎኗ ቁጢጥ አለችና የፍየሏን ቀንድ ያዘችላት። ዙህራ በኦሮምኛ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት፤ የሾፌር ልጅ ነኝ አለቻት። ማግባቷን ጠየቀቻት፤ አላገባሁም አለቻት። ዙህራ ሳቀችና ይሄን ያህል ረዝመሽ ብላ አሾፈችባት። ከዚያ ዓለምሸት ስለ ልጆቿ ጠየቀቻት።

«ልጅ አይቆጠርም» አለች ዙህራ፣ ፊቷ ተዘጋ። «የአባቱም ስም ወረቀት ላይ አይወጣም። ወረቀት የወጣ ልጅ ይሄዳል።»

«አልቆጥርም። የአባቱንም ስም አልፈልግም» አለች ዓለምሸት። «ያንቺን ስም ብቻ ንገሪኝ።»

ዙህራ ማለቧን አቆመች። «የኔን?»

«ያንቺን።»

«የኔን ስም ጦር ሜዳ ምን ያደርጉታል?»

«ምንም አያደርጉትም።»

ዙህራ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ዞራ በረጅሙ ተጣራች። በመጀመሪያ ሁለት ወጡ፤ ቀጥሎ አንዲት ሕፃን ያዘለች ልጅ፤ ቀጥሎ ሌላ። ዓለምሸት «የአባት ስም» በሚለው ረድፍ ላይ ዙህራ ብላ ጻፈች። ልጅ ወደ መርፌው ሲቀርብ ከስሟ አጠገብ አንዲት ጭረት ታደርጋለች፤ ስም አትጠይቅም፣ ድምር አታወጣም፣ ወንድና ሴት አትለይም። ዙህራ ወረቀቱን ወደ ዐይኗ አስጠጋችና ስሟ የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ዓለምሸት በጣቷ አሳየቻት። ማንበብ የማትችለው ሴት ያንን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ተነሥታ ጎረቤቶቿን ልትጠራ ሄደች። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ የመስዑድ በረዶ ሣጥን ባዶ ሆነ። ሽፈራው ተጨማሪ ሊያመጣ ወደ ሚኤሶ ከነፈ።

እንዲህ ሦስት ሳምንት ዞሩ። ከየመንደሩ ስትወጣ ሴቶቹ እስከ መኪናው ይሸኟታል፤ «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ መቼ ትመለሻለሽ?» ይሏታል። ኢንሻአላህ ትላለች። በየወረቀቱ ግርጌ፣ የመዝጋቢው ስም በሚለው መስመር ላይ፣ በክሪ ዓሊዩ ብላ ትፈርማለች። የዚያን ጊዜ ይህ አላሳዘናትም። ስሙን ይውሰደው፤ መንገዱ የእሷ ነበር።

በአሰበ ተፈሪም ደስታ ነበር። ረዲያ ሴት ልጅ ወለደች፤ አባቷ በሰባተኛው ቀንም በዐሥረኛው ቀንም ቤት ነበር። ምሳውን ቤቱ በላ። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቶ፣ ሌላ ሥራ ስላጣ፣ የሦስት ዓመት ፋይል አውጥቶ በየወረዳው፣ በየቀበሌው፣ በየወሩ ለየው። እያንዳንዱ ዶሴ ጀርባ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት አርእስት ጻፈለት። ዓለምሸት ስትመለስ መዝገብ ቤቱን አላወቀችውም። እናቷ ግን የልጇን የተላጠ አፍንጫ አይታ ሐረር እንዲህ ያለ ፀሐይ ከመቼ ወዲህ ነው አለችና ቫዝሊን አመጣችላት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ ሳትጠይቅ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ስፌት አልሰፋችም።

አቶ አጥናፉ ተመለሰ። ወረቀቶቹን አየ። ከአንድ መንደር አንድ መቶ አርባ ልጅ! ከበላይ የሚወርድበትን ወቀሳ የለመደ ሰው ነውና በዚያው ቀን ሪፖርቱን ጻፈ፤ ሐረር ላከው። በሦስተኛው ሳምንት መልስ መጣ። የእናቶችን ስም የመመዝገብ አዲስ ዘዴ ያስገኘው ጓድ በክሪ ዓሊዩ ተመስግኗል፤ ከመጋቢት ጀምሮ መቀመጫው ቦርደዴ የሆነ የቆላ ቡድን መሪ ሆኖ በቋሚነት ተመድቧል።

በክሪ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ዓለምሸት ነጠላዋን አስተካክላ የኃላፊውን በር አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ቦርደዴ የወረድኩት እኔ ነኝ። በክሪ እዚህ ነበር።»

አቶ አጥናፉ መነጽሩን አወለቀ። ተነሥቶ በሩን ራሱ ዘጋው። አፍንጫዋ ላይ ገና ያልጠፋውን የፀሐይ ምልክት አየ። ሲናገር ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር።

«ይሄን አልሰማሁትም። ሰማሁ ካልኩ ፊርማው ሐሰት ነው። ፊርማው ሐሰት ከሆነ ወረቀቱ ሐሰት ነው። ያን ጊዜ በክሪ ይታሰራል፣ ሽፈራው ይታሰራል፣ አንቺም ትታሰሪያለሽ። የተከተቡትንም ልጆች የሚያምን የለም፤ የሉም ይባላል።»

«ታዲያ እኔን ይመድቡኛ። ዘዴውን የማውቀው እኔ ነኝ። በሕጋዊ መንገድ ይላኩኝ።»

«በምን ብዬ ልላክሽ? ምክንያቱን ልጻፍ ስል ያው እውነቱ ሊወጣ ነው።» መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። «ላንቺው ብዬ ነው ልጄ። ደግሞ ላንቺም ደብዳቤ አለሽ። መዝገብ ቤቱን እንዳሳመርሽው ጽፌላቸው ነበር። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነሻል። ከዚህ ቦታ ማንም እንዳያነሣሽ አድርጌ ነው ያጸደቅሁልሽ።»

እጁን ዘረጋላት። ምን ታድርግ? ጨበጠችው።

የሁለቱንም የሹመት ደብዳቤ ታይፕ ያደረገችው እሷ ናት፤ ሥራዋ ነበርና። ረዲያ ልጇን አዝላ ቦርደዴ ልትወርድ ፈለገች፤ የበክሪ እናት የሁለት ወር ሕፃን ለሐሩር አይሰጥም ብለው ከለከሉ። በመጋቢት መጀመሪያ በክሪ ብቻውን ወረደ። ዘውድነሽ ልጇ ኃላፊ በመሆኗ ለቀበሌ ማኅበርተኞቿ ጠላ ጠመቀች።

በሚያዝያ በክሪ የመጋቢትን ወረቀት ይዞ መጣ። ፊቱ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቅጾቹን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና አልሄድ አለ። ዓለምሸት አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ብዙዎቹ ነጭ ነበሩ። ከዚያች የዙህራ መንደር ለሁለተኛው ዙር ክትባት ዘጠኝ ጭረት ብቻ መጥቷል።

«እንዳንቺው ነው የጠየቅኋቸው» አለ በክሪ። «የእናት ስም ብቻ አልኩ፣ የአባት አልፈልግም አልኩ። ወላሂ አንድ ቃል አልቀየርኩም። ወንድ ነህ አሉኝ።»

«ዙህራስ?»

«እሷ አላባረረችኝም። ያቺን ልጅ የት ጣላችኋት አለችኝ። ቢሮ ናት፣ ተሹማለች አልኳት። ባሏ ነው የከለከላት? አለች። ባል የላትም አልኳት።» በክሪ ወደ መስኮቱ ተመለከተ። «ታዲያ ማን ከለከላት አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ቆሜ ቀረሁ። ማን ልበላት?»

ዓለምሸት ከመሳቢያዋ አዲስ ዶሴ አወጣች፤ ጀርባው ላይ ቦርደዴ፣ መጋቢት ብላ ጻፈች፤ ዘጠኟን ጭረት የያዘችውን ወረቀት ከነጮቹ በላይ አድርጋ አስገባችና ማሰሪያውን ቋጠረች። ደጅ ሽፈራው ሞተር አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። በክሪ ቤቱ ደርሶ ልጁን ለማየት ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዳለው ነገራትና እየሮጠ ወጣ።